አነስተኛ አዲስ ቤት በአሮጌ ሰፈር፦ ብንገዛው ያዋጣል?

ቤት ፈላጊዋ

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ ለረጅም ጊዜ ስናጠራቅም ቆይተን አሁን አንድ ቤት ላይ ዓይናችን አርፏል። ከተሠራ አምስት ዓመት አልሞላውም። ፎቅ የለውም፤ ሁለት መኝታ ክፍል፣ አንድ ሳሎን፣ ጠበብ ያለ ወጥ ቤትና ከኋላ ትንሽ ግቢ አለው። የሚያሳስበን ሰፈሩ ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች ሃምሳና ስድሳ ዓመት ያስቆጠሩ ናቸው። ይህኛው ብቻ አሮጌው ቤት ፈርሶ በቦታው የተተካ ነው። የአንዳንዱ ጎረቤት ጣሪያ ዝጓል፣ የአንዳንዱ አጥር ዘሟል፣ መንገዱም ሁለት መኪና በጭንቅ ያስተላልፋል። ግን ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው፣ ልጆች ደጅ ይጫወታሉ፣ የልጆቻችን ትምህርት ቤትም በእግር የሚደረስበት ነው። ዋጋውም አቅማችንን አያልፍም።

በዚያው ገንዘብ ከከተማው ዳር አዲስ በተከፈተ ሰፈር በሁለት ክፍል የሚበልጥ ቤትና ሰፊ ግቢ እናገኛለን። ባለቤቴ ወደዚያ ያደላል፣ እኔ ወደዚህ። አልተጣላንም፤ ነገር ግን ሁለታችንም የምንናገረው ስሜታችንን ነው፤ ማስረጃ የያዘ የለም።

እንዲህ ያለውን ቤት ብትመዝኑ ምን ምኑን ታያላችሁ? አዲስነቱ ምን ያህል ያስተማምናል? የሰፈሩ እርጅናስ ወደፊት ቤቱን ይጎትተዋል? «እንኳን ደስ ያላችሁ» አልጠብቅም፣ ምክንያት ስጡኝ።

ውኃ ልክ

እህቴ፣ ሲቪል መሐንዲስ ነኝ። በፈረሰ ቤት ቦታ ላይ የተሠሩ ቤቶችን ለገዢዎች መፈተሽ የሥራዬ አካል ነው። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይያዝልኝ፦ የሚሸጥልዎት አዲስ ነገር ከመሬት በላይ ያለው ነው። ከመሬት በታች ያለው አሁንም አሮጌው ሰፈር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው በቦታው ላይ ምን እንደነበረ ነው። የፈረሰው ቤት መሠረት ተቆፍሮ ወጥቷል ወይስ አዲሱ ከላዩ ላይ ተቀመጠ? ግቢው ውስጥ የቀድሞ መጸዳጃ ጉድጓድ ወይም የውኃ ጉድጓድ ነበረ? ከነበረስ በምን ተሞላ? በፍርስራሽና በልቅ አፈር ተሞልቶ በወጉ ሳይጠቀጠቅ ቤት ከተሠራበት፣ ያ ጥግ ከሌላው ይልቅ ይሰምጣል። ቤት ከዳር እስከ ዳር እኩል ቢሰምጥ ጉዳቱ ቀላል ነው፤ ግድግዳ የሚሰነጠቀው አንዱ ጎን ሲወርድ ሌላው ባለበት ሲቀር ነው። መሬቱ የሸክላ አፈር ከሆነ ደግሞ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፣ ቤቱም ከሱ ጋር ይነሣል ይወድቃል።

ስንጥቅ ሁሉ አያስደነግጥዎት። የፀጉር ያህል ቀጥነው በልስኑ ላይ የተበታተኑት ልስኑ ሲደርቅ የመጡ ናቸው። ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነሥተው በሰያፍ የሚወጡ፣ የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትለው ደረጃ ሠርተው የሚሄዱ፣ አንድ ጫፋቸው ሰፍቶ ሌላው የሚጠብ ከሆኑ ግን ከሥር የተንቀሳቀሰ ነገር መኖሩን ይጠርጥሩ። ስፋታቸው ከ5 ሚሊሜትር ካለፈ መሐንዲስ ሳያይ ውል አይፈረምም። ከክፍሉ አንድ ግድግዳ ብቻ በቅርቡ ተቀብቶ ካገኙት ለምን እሱ ብቻ እንደተቀባ ይጠይቁ። በሮቹንም አንድ በአንድ ከፍተው ይዝጉ። ላዩ ላይ የሚፈትግ፣ ታቹ ላይ የሚከፈት በር ስለ መሠረቱ ከሻጩ በላይ ይነግርዎታል።

የቤቱ ዕድሜ ለእርስዎ ጥቅም ነው። የመሬት መስመጥ በአብዛኛው የሚታየው ቤቱ በተሠራ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት የዝናብና የድርቀት ዑደቶች ነው። ቀለሙ ገና ያልደረቀ ቤት ጉድለቱን አያሳይም። ይህኛው ግን ሊያሳይ የሚችለውን አብዛኛውን አሳይቷል፤ ማየት የሚችል ሰው ይዞ መሄድ ነው።

አሁን ወደ ፍሳሹ። የግቢውን የፍሳሽ ጉድጓድ ክዳን ያስነሱ። አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ የመጸዳጃውን ውኃ ይልቀቅ፤ ወዲያው ደግሞ የገላ መታጠቢያውንና የወጥ ቤቱን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ይክፈት። እርስዎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቁሙ። ውኃው መጥቶ ሳይቆም ካለፈ ደህና ነው። መጥቶ ከተኛ፣ ከፍ ካለና ቀስ እያለ ከወረደ፣ ወይም በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ ከአሁኑ ውኃ በላይ የደረቀ የቆሻሻ መስመር ካዩ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው መስመር ተዘግቷል ወይም ተሰብሯል ማለት ነው። የድሮ የሸክላ ቱቦ በየመጋጠሚያው የዛፍ ሥር ያስገባል። ያ የወደዱት ትልቅ ዛፍ የሚጠጣው ከየት እንደሆነ ማወቅ አለብዎት።

የንጹሕ ውኃው መስመርም እንዲሁ ነው። ቤቱ ውስጥ ያለው ቧንቧ አዲስ ነው፤ ከቆጣሪው እስከ ዋናው መስመር ያለውስ? ዚንክ የተለበጠ የብረት ቧንቧ በአብዛኛው ከ40 እስከ 50 ዓመት ያገለግላል። ከዚያ በኋላ ከውስጥ እየዛገ ይጠብባል። ጠዋት ሰፈሩ ሁሉ ውኃ በሚጠቀምበት ሰዓት ሄደው ሁለት ቧንቧ በአንድ ጊዜ ይክፈቱ፤ ግፊቱን በዓይንዎ ያዩታል።

የዳር ሰፈር ነዋሪ

የባለቤትሽንም ወገን የሚናገር ሰው ይኑር ብዬ ነው የምጽፈው። እኛ ከከተማው ዳር ነው የምንኖረው። ልጆቻችን የየራሳቸው ክፍል አላቸው፣ መንገዱ ሰፊ ነው፣ መስመሩ ሁሉ ከኛ ጋር የመጣ ነው። ሁለት መኝታ ክፍል ዛሬ ይበቃችሁ ይሆናል። ልጆች ግን ያድጋሉ፤ ዛሬ አብረው የሚያድሩ እህትና ወንድም ነገ አንድ ክፍል አይበቃቸውም። ሰፊ ቤት መመኘት ቅንጦት አይደለም።

አሮጌ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ሁሉም በየግቢው ክፍል ይጨምራል፤ የኤሌክትሪክ መስመሩ፣ ፍሳሹ፣ የመኪና ማቆሚያው ግን ያው ለድሮው ሕዝብ የተሠራው ነው። ይህን ጎንሽ ላይ ሆኖ የሚነግርሽ ደላላ የለም።

ሦስት ልጆች አሉኝ

ክፍል ማነሱን እንደ ችግር አትዪው። እኛ በሁለት መኝታ ሦስት አሳድገናል። የሚያስፈልገው ብልህ ቁም ሣጥንና የሚዘጋ በር ነው።

ቤት ፈላጊዋ

ውኃ ልክ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጉድጓዱን ክዳን ማስነሣት በሕይወቴ አስቤው አላውቅም ነበር፤ የሚቀጥለው ሥራችን እሱ ነው።

የዳር ሰፈር ነዋሪ፣ የመኪና ማቆሚያው ነገር እውነት ነው፤ ለአንድ መኪና ብቻ ነው ቦታ ያለው። ግን አንድ ጥያቄ እኔም ልጠይቅህ። ከዚያ ወደ ሥራ ስትሄድ ስንት ሰዓት ከቤት ትወጣለህ? ከአሮጌው ሰፈር ባለቤቴ በአንድ አውቶቡስ ይደርሳል፤ እኔ በእግሬ እሄዳለሁ። ከዳር ከሆነ ሁለታችንም ትራንስፖርት መቀያየር አለብን፣ ልጆቹንም የሚያደርስ ሰው ያስፈልገናል።

የዳር ሰፈር ነዋሪ

ገና ሳይነጋ እንወጣለን። ቀኑ ይረዝማል፣ አልክድም። በሥራ ቀን ግቢውን በብርሃን የሚያዩት ልጆቹ ናቸው። እኔና ባለቤቴ ይህን አውቀን ነው የገባንበት፤ ቅዳሜና እሑድ በደንብ ይክሰናል። እናንተም አውቃችሁ ግቡ ነው የምለው።

ሒሳብ ያዥ

የጉዞው ነገር በቁጥር ይታይ። በአንድ አቅጣጫ አንድ ሰዓት የሚጨምር ቤት በቀን ሁለት ሰዓት ይወስዳል። በዓመት 250 የሥራ ቀን ቢታሰብ ለአንድ ሰው 500 ሰዓት ነው፤ ከ60 የሚበልጡ ባለ ስምንት ሰዓት የሥራ ቀናት ማለት ነው። ሁለታችሁም የምትጓዙ ከሆነ እጥፍ ይሆናል። ጣሊያናዊው ፊዚሲስት ቼዛሬ ማርኬቲ እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው ጥናት፣ ሰዎች በተለያየ ዘመንና በተለያየ ከተማ ቢኖሩም በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ለጉዞ እንደሚያውሉ አሳይቷል። መጓጓዣው ሲፈጥን ሰው ራቅ ብሎ ይኖራል እንጂ ሰዓቱን አይጨምርም። ከዚያ ልክ በብዙ የሚያልፍ ጉዞ የሚኖርበት ሰው ከእንቅልፉ ወይም ከልጆቹ ላይ እየወሰደ ነው። የዳሩ ቤት በሁለት ክፍል ይበልጣል ስትባባሉ፣ የክፍሎቹ ዋጋ በዚህም እንደሚከፈል አብራችሁ ጻፉት።

ቀጥሎ ስለ ዋጋ። ቤት ስትገዙ ሁለት ነገር ነው የምትገዙት፦ መሬትና ሕንፃ። ሕንፃ ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ያረጃል። በጃፓን የግብር ሕግ ለምሳሌ የእንጨት መኖሪያ ቤት የአገልግሎት ዘመን 22 ዓመት፣ የተጠናከረ ኮንክሪት መኖሪያ 47 ዓመት ተብሎ ተወስኗል፤ በዚያ አገር ገበያ ያረጀ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በመሬቱ ዋጋ ነው። ዋጋው በጊዜ ብዛት የሚጨምረው መሬቱ ነው፤ መሬቱን የሚያስወድደውም ወደ ሥራ፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሐኪም ቤት ያለው ቅርበት ነው። ከዳር ያለው ትልቅ ቤት ከዋጋው ብዙው ሕንፃ ነው፤ ይኸኛው ትንሽ ቤት ደግሞ ከዋጋው ብዙው ቦታ ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

የቤቱ አነስተኛነት ሌላም ጥቅም አለው። ግምት የሚሠራ ባለሙያ የሚያወዳድረው በአካባቢው ከተሸጡ ቤቶች ጋር ነው። በአሮጌ ሰፈር መካከል ባለ ሦስት ፎቅ ቪላ የሠራ ሰው ያወጣውን ያህል አያገኝም፤ የጎረቤቶቹ ዋጋ ወደ ታች ይጎትተዋል። መጠነኛ ቤት ግን ከሰፈሩ ጋር ስለሚመጣጠን ይህ አያገኘውም።

ብድር ካለበት ደግሞ የዘመኑን ርዝመት ተመልከቱ። በዓመት 10 በመቶ ወለድ የሚታሰብበት ብድር በእኩል ወርኃዊ ክፍያ በ20 ዓመት ሲመለስ፣ የሚከፈለው ድምር ከተበደራችሁት 2.3 እጥፍ ገደማ ይሆናል። በ15 ዓመት ከሆነ ወደ 1.9 እጥፍ ይወርዳል፤ ወርኃዊ ክፍያው ግን የሚጨምረው በ11 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በአነስተኛው ቤት ምክንያት ለትራንስፖርት የማታወጡትን ገንዘብ ወደዚያ ብታዞሩት አምስት ዓመት ታተርፋላችሁ።

የጥንት ቤት ወዳጅ

ሰፈሩን ከወደድሽው አሮጌውን ቤት ለምን አትገዢም? ከጎኑ ያሉት ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ እንጨታቸው ዛሬ የማይገኝ ነው። የዛሬ ቤት በችኮላ ይሠራል። ወፍራም ግድግዳ የቀኑን ሙቀት አምቆ ሌሊት ይሰጣል፤ ከፍ ያለ ኮርኒስ ሞቃቱን አየር ከራስሽ በላይ ያቆየዋል። አዲሱ ቤት ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ከሆነ በፀሐይ ወቅት ቆርቆሮው ሥር ትቀቀያለሽ። ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት የሚከላከል ነገር ተነጥፎበት እንደሆነ አስከፍተሽ እዪ።

ውኃ ልክ

የሙቀቱ ምክር ልክ ነው፤ ይመልከቱት። ስለ ጥንካሬው ግን አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ1981 ጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ መከላከያ የግንባታ ደንቧን አጠበቀች። በጥር 1995 የኮቤ ከተማ በተመታች ጊዜ ከዚያ ደንብ በኋላ የተሠሩት ከቀደሙት እጅግ በተሻለ ሁኔታ ቆመው ተገኝተዋል። ሰውን የገደሉት በብዛት የቆዩት የእንጨት ቤቶች ናቸው፤ ከባድ የሸክላ ጣሪያ ተሸክመው ግድግዳቸው ወደ ጎን የሚገፋውን ኃይል መቋቋም አልቻለም። የግድግዳ ውፍረት ብቻውን ጥንካሬ አይደለም። ከመሠረት እስከ ጣሪያ የሚያያይዘው ብረትና ማሰሪያ ነው ቤትን የሚያቆመው።

መሬቱ ደግሞ የራሱ ፍርድ አለው። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲን ያፈራረሰው መንቀጥቀጥ የተነሣው ከከተማዋ በመቶዎች ኪሎሜትር ርቆ ነበር፤ ከተማዋ የተሠራችበት የጥንት ሐይቅ ጭቃ ግን ንዝረቱን አጎላው። ጠንካራ መሬት ላይ ያሉ ሰፈሮች ተረፉ፣ ለስላሳው ላይ ያሉት ወደቁ። እህቴ፣ ለዚህ ነው ስለ ቤቱ ከመጠየቅዎ በፊት ስለ መሬቱ ይጠይቁ የምለው።

ቤት ፈላጊዋ

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ሻጩ «ወደፊት አንድ ፎቅ መጨመር ትችላላችሁ» ብሎናል። የምሰሶዎቹ ብረትም በጣሪያው ላይ ብቅ ብሎ ይታያል። ይህ እውነት ከሆነ የክፍሉ ጥያቄ ሊፈታ ነው ማለት ነው።

ውኃ ልክ

ብቅ ያለ ብረት ማስረጃ አይደለም። ፎቅ መሸከሙን የሚናገረው የመዋቅር ሥዕሉ ነው፦ የመሠረቱ ስፋትና ጥልቀት፣ የምሰሶው ብረት ቁጥርና ውፍረት፣ የኮንክሪቱ ደረጃ። ኮንክሪት ጥንካሬው የሚለካው ከተሞላ በ28ኛው ቀን ነው፤ በዚያን ጊዜ የተደረገ የላቦራቶሪ ፍተሻ ወረቀት ካለ ሻጩ ያምጣው። ወረቀትም ሥዕልም ከሌለ በዋጋው ውስጥ ፎቅ የሚባል ነገር አያስገቡ፤ ዛሬ ያለውን ቤት ብቻ ይግዙ።

ለዓመታት በዝናብ የተመታው ብረት ምን ያህል እንደዛገም ይዩት። ዝገት ሲያድግ ብረቱን ያሳብጠዋል፣ ያበጠው ብረት ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል። ከብረቱ ሥር ኮንክሪቱ ከተፈነከተ ውኃው ወደ ምሰሶው ገብቷል።

ሰነድ አንባቢ

ስለ ወረቀት እኔ ልናገር። የሽያጭ ውል የማዘጋጅ ሰው ነኝ። አገሩ ምንም ይሁን፣ የይዞታ ማረጋገጫው በሻጩ ስም መሆኑን፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ የትዳር አጋር ወይም ወራሽ ድርሻ እንዳይኖርበት ከመዝገቡ ቤት ራሱ ማረጋገጥ አለባችሁ። ሻጩ በሚያመጣው ቅጂ አትርኩ። ይህን ሁሉም ሰው ስለሚነግራችሁ አላስረዝመውም።

በአሮጌ ሰፈር አዲስ ቤት ላይ የሚለየው ሌላ ነው። አንደኛ፣ የማፍረስና የመሥራት ፈቃዱ። አሮጌው ቤት በፈቃድ ፈርሷል? አዲሱስ ከጸደቀው ሥዕል ጋር ይገጥማል? ሥዕሉ ላይ የሌለ ክፍል ካለ ያ ክፍል የእናንተ ራስ ምታት ይሆናል። ሁለተኛ፣ ወሰን። በድሮ ዘመን ወሰን በአጥርና በዛፍ ነበር የሚታወቀው፤ ዛሬ በመለኪያ ሲለካ ግማሽ ሜትር ወዲህ ወይም ወዲያ ሊገኝ ይችላል። ቤቱ አዲስ ስለሆነ ይህን ክርክር የቀሰቀሰው እሱ ሊሆን ይችላል። ቀያሽ አስለኩት። ሦስተኛ፣ ወደ ወሰንተኛው የሚከፈት መስኮት ወይም በጎረቤት ግቢ ላይ የሚያፈስ የጣሪያ ክፈፍ አለ ወይ? ዛሬ ጎረቤቱ ዝም ቢልም ነገ ልጁ ሊከስ ይችላል።

አራተኛው ትልቁ ነው። የከተማውን ፕላን ተመልከቱ። ጠባብ መንገድ ያላቸው አሮጌ ሰፈሮች በፕላን ላይ መንገድ ይሰፋባቸዋል፣ አንዳንዴም በሙሉ መልሶ ማልማት ይታቀድባቸዋል። የመንገዱ ማስፊያ መስመር በግቢያችሁ ውስጥ የሚያልፍ ከሆነ የቤቱ አዲስነት አያድናችሁም። ፕላኑን የያዘው መሥሪያ ቤት ሄዳችሁ የቦታውን ቁጥር ሰጥታችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። በቃል የተሰጠ መልስ ይዛችሁ አትመለሱ።

የዳር ሰፈር ነዋሪ

እኔም ልጨምር ያሰብኩት ይህን ነው። አሮጌ ሰፈር ላይ የዕድሜ ልክ ቁጠባን ማሳረፍ የሚያስፈራኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ጡረተኛው

ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የኖርኩት እንደምትዪው ባለ ሰፈር ነው። ብዙ ሰው መጥቶ ሲገዛ፣ ሸጦም ሲሄድ አይቻለሁ።

የዛገ ጣሪያ አይተሽ ሰፈሩ ሞቷል አትበዪ። ገንዘብ ያጠረው ሰው ሌላ ነው፣ ሰፈሩን የተወ ሰው ሌላ ነው። ገንዘብ ያጠረው ደጁን ይጠርጋል፣ የተሰበረ መስኮቱን በጣውላም ቢሆን ይከድናል፣ አበባውን ውኃ ያጠጣል። የተወው በሩ ላይ ሣር ይበቅላል፣ ቁልፉ ይዝጋል፣ ማንም አይጠይቅም። በመንገዱ ከዳር እስከ ዳር ሂጂና እነዚህን ለይተሽ ቁጠሪ። የተዘጉ ቤቶች ከበዙ ለምን እንደሆነ እወቂ። ወጣት ባልና ሚስት እየገቡ ከሆነ ግን ሰፈሩ ገና ብዙ ዕድሜ አለው።

ስለ ውኃውም ሽማግሌ ጠይቂ። የመንገዱ ልጆች ዝናብ ሲወርድ ወዴት እንደሚሮጡ፣ በየትኛው ዓመት የማን ሳሎን እንደተጥለቀለቀ፣ የትኛው ቤት በቀድሞ የጎርፍ መውረጃ ላይ እንደተሠራ የምናውቀው እኛ ነን። ሻጩ የገዛው ቦታውን ነው፤ የቦታውን ታሪክ አልገዛውም። ከጎኑ ያሉትን ቤቶች ግድግዳ ደግሞ ዝቅ ብለሽ እዪ። ከመሬት ጉልበት በታች ባለው ከፍታ በብዙ ቤቶች ላይ እኩል የሚሄድ የጠቆረ ወይም የላላ ልስን ካየሽ ውኃው እዚያ ድረስ መጥቶ ያውቃል። አዲሱ ቤት ላይ ስላላየሽው አትጽናኚ፤ እሱ ያንን ውኃ ገና አላየውም።

አንድ ሌላ ነገር። አዲስ ቤት የሚሠሩ ሰዎች ሲመጡ የኪራዩም የቦታውም ዋጋ ይነሣል፤ አንዳንድ የኖሩ ሰዎች ይሄ ይጎዳቸዋል፣ ለመሄድም ይገደዳሉ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ግን አውቀሽው ግቢ፣ ሰላምታሽ ከፊት ይሁን፣ አጥርሽን ሰማይ አታድርሺው። አሮጌ ሰፈር ለአዲስ ሰው የሚሰጠው ትልቁ ነገር ጎረቤት ነው፤ እሱን በግንብ ከከለከልሽው የተረፈሽ ጠባብ መንገዱ ብቻ ነው።

ቤት ፈላጊዋ

አባባ፣ ዕድሜ ይስጥልን። የጎረቤቶቹን ግድግዳ ዝቅ ብዬ ለማየት አስቤም አላውቅ።

የጤና መኮንን

በዚህ ላይ ማንም ያላነሣውን ላንሣ፤ ልጆች ስላሏችሁ ነው። የፈረሰው ቤት የድሮ ቀለም ከነበረበት ቀለሙ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖረው ይችላል። አሜሪካ በመኖሪያ ቤት ቀለም ውስጥ እርሳስን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ ብዙ አገሮች ከዚያ በኋላ ነው የከለከሉት። ቤት ሲፈርስ ቀለሙ ደቆ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል፣ እርሳስ ደግሞ አይበሰብስም። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የማያስከትል የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዱት አፈር ይዘው እጃቸውን አፋቸው የሚያስገቡ ሕፃናት ናቸው። ከኋላ ያለውን ግቢ አፈር በላቦራቶሪ አስመርምሩ። ካልቻላችሁ ከውጪ በመጣ ንጹሕ አፈርና ሣር ሸፍኑት፣ አትክልት ብትተክሉም ከፍ ባለ መደብ ይሁን።

የጎረቤት ጣሪያ ደግሞ ሸካራና ግራጫ የሆነ የአስቤስቶስ (ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ቃጫማ ማዕድን) ክዳን ከሆነ ሳይነካ ሲቀመጥ ስጋቱ ዝቅተኛ ነው። ሲሰበር፣ ሲቆረጥና ሲፋቅ ነው አደገኛ የሚሆነው። የአውሮፓ ኅብረት አስቤስቶስን ሙሉ በሙሉ ያገደው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ስለዚህ በአሮጌ ሰፈሮች ላይ ዛሬም ሞልቷል። ጎረቤቱ ጣሪያውን የሚቀይር ቀን ልጆቹን ከግቢ አስወጥታችሁ መስኮት ዝጉ።

ቤት ፈላጊዋ

ከብዙ መመላለስ በኋላ ተመልሻለሁ። ሁሉንም አንድ በአንድ ልንገራችሁ።

ቤቱን በዝናብ ቀን መሐንዲስ ይዘን አየነው። ግድግዳው ላይ ያሉት ስንጥቆች የልስን ናቸው፤ አንድ በሰያፍ የሚሄድ አለ፣ እሱም ቀጭን ነው፣ ከዳር እስከ ዳር ስፋቱ አይለወጥም። በሮቹ ሁሉ በደንብ ይዘጋሉ። ውኃ ልክ፣ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ አየሁ። ውኃው መጣ፣ ቆመ፣ እስከ ግማሽ ሞላና ቀስ ብሎ ወረደ። በግድግዳው ላይም ያሉት መስመር ነበረ። መሐንዲሱ ከበሩ እስከ ዋናው መስመር ያለው የድሮው የሸክላ ቱቦ ሳይቀየር ቀርቶ አዲሱ ቤት በሱ ላይ እንደተገጠመ ነገረን። ከላይ ደግሞ ያ ትልቅ ዛፍ አለ።

አንዲት አሮጊት ጎረቤት በቦታው ላይ የነበረው መጸዳጃ ጉድጓድ በኋለኛው ግቢ ጥግ እንጂ በቤቱ ሥር እንዳልነበረ አሳዩን። ጎርፍ የታችኛውን መንገድ እንጂ የኛን እንደማይደርስ የነገሩንም እሳቸው ናቸው፤ የግድግዳዎቹንም ታች አየን፣ ንጹሕ ነው። ፕላኑን በጽሑፍ ጠይቀን መንገዱ በሌላኛው ጎን እንደሚሰፋ ተመልሶልናል። የፎቅ ሥዕል የለም። ስለዚህ ፎቁን ከልባችን አውጥተነዋል።

ባለቤቴ ጉድጓዱን ካየ በኋላ ይተወዋል ብዬ ነበር። እሱ ግን «የማውቀውን ችግር እመርጣለሁ፤ ቱቦ ይቀየራል፣ ሰዓት ግን አይቀየርም» አለኝ። የሒሳብ ያዥን 500 ሰዓት አንብቦት ኖሯል። የቱቦውን ማስቀየሪያ ወጪ ከዋጋው እንዲቀነስልን ለሻጩ ጽፈናል። እሱ ራሱ አስቀይሮ ያስረክበን ወይስ ቀንሶ እኛ እናስቀይር? የቱ ይሻላል?

ሰነድ አንባቢ

ቀንሶ እናንተ ታስቀይሩ። ሻጭ ለመልቀቅ ሲቸኩል የሚያስቀይረው ቱቦ በርካሹ ነው። በሻጩ በኩል የግድ ከሆነ ግን ከክፍያው የተወሰነው በሦስተኛ ወገን ተይዞ ሥራው ተፈትሾ ሲያልቅ እንዲለቀቅ በውሉ ውስጥ ይጻፍ። ከዋናው መስመር ጋር የሚገጠመው ክፍል የከተማው ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል ፈቃዱን ማን እንደሚያወጣም በስም ይጠቀስ።

ውኃ ልክ

ደስ የሚል ምርመራ አድርጋችኋል፤ ዕድሜ ለአሮጊቷ። ቱቦው ሲቀየር አንድ ነገር ብቻ ይጠብቁ፦ አፈር ሳይለብስ ሄደው ይዩት። 100 ሚሊሜትር የሆነ የፍሳሽ ቱቦ በየሜትሩ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ዝቅ እያለ መሄድ አለበት። ውኃ ልክ ይዞ የሚለካ ሰው ይኑር። መጋጠሚያዎቹ በላስቲክ የታሸጉ ይሁኑ፤ ከዛፉ አጠገብ የሚያልፈው ርዝመት ላይ ደግሞ በተቻለ መጠን መጋጠሚያ አይኑር። የማጽጃ አፍም ከበሩ ውስጥ ያስወጡ፣ ወደፊት ቢዘጋ ንጣፉን ከመስበር ያድናችኋል። ዛፉን አይቁረጡት።